አንድ መቶ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር

ከአባቴ ጋር የሠሩ በያጆች ከቀብሩ መልስ በግቢያችን ተቀምጠው፣ ሟች በአርባ ዓመት የብረት ሥራው አንድ ልኬት ብቻ እንደሳተ መሰከሩለት። ሊያወድሱት ነበር። «እሱም ቢሆን» አለ ከመካከላቸው ሸምገል ያለው፣ «ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ነው። የማንስ እጅ አይስትም?» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ዝርግ ሳሕን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ቃል አልተነፈስኩም። የአባቴ እጅ አልሳተም። ይህን ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ያን ዕለት ተቀበረ፤ ሌላዋ ሻይ ታድላለች። ዝምታ እንደ ቤትና እንደ መሬት የሚወረስ ንብረት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ያ ልኬት ተሳተ በተባለ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው፤ የፊተኛው ክፍል መስኮት የሚመለከተው አባቴ ብረት የሚበይድበትን ግቢ ነው። እናቴ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋን የፈጀችው ድልድይና የውኃ መውረጃ ቦይ ስትነድፍ ነው። በዚያ ዓመት ግን ቤት ዋለች። ለእኔ የተነገረኝ «ደክሟታል» የሚል ብቻ ነበር፤ አመንኩ። አልጋዋ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፣ እሷ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ የንድፍ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አኑራ ስትሠራ ሳያት፣ ድካም ማለት በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ ሆኖ የመሥራት መብት መሰለኝ። ቀናሁባትም።

ሰሌዳው ላይ የተወጠረው ንድፍ የአጎቴ መኪና ፖርቶመጋላ ነበር፤ ከጣሪያ ላይ ተቀምጦ ዕቃ የሚጫንበት፣ አልጋ የሚመስል የብረት ሥራ። መኪናዋን «ባልቴቷ» እያልን እንጠራት ነበር። በዕድሜ እናቴን የምትስተካከል፣ ዳገትና ጭቃ የማይበግራት፣ በደልዳላ መንገድ ላይ ግን እያሳለች የምትሄድ አሮጌ ጂፕ ናት። ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ግራና ቀኝ ተተክለው ይፋጠጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ወለል ለጉልበት እንጂ ለዕቃ የተተወ አልነበረም። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሌላ መኪና ወደማይወጣባቸው ተራሮች ሰው ያመላልስባታል። እናቴ የተወለደችው ከነዚያ ተራሮች በአንዱ ሥር ነው፤ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ።

«አንቺ እህቴ፣ ለዚች ባልቴት ዘውድ ልትደፊላት ነው?» አለ አጎቴ፣ የመኪናውን ልኬት ሊነግራት የመጣ ዕለት። «በዚህ ዕድሜዋ ጌጥ ምን ሊያደርግላት?»

«ለፍልፈህ ስትጨርስ ንገረኝ። የጣሪያዋ ጠርዝ፣ ዝናብ የሚወርድበት፣ ክብደት ይችላል?»

«እኔንና ሚስቴን ችሏል። ሚስቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተቆርጦ እርሳሷን ለቀቀችና ጎኗን ያዘች። አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ግቢው ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር ሳይኖር፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጬ እርሳሶቿን እቀርጽ ነበር። ሥራዬ ነው፤ ማንም አያባርረኝም። ትልልቅ ሰዎች ሥራ የያዘ ልጅ ጆሮ የለውም ብለው ያምናሉ።

«አባባን አስታውስ» አለች እናቴ። «እነሱ አጥብቀው አስረናል ነበር ያሉት። ገመድ ብቻ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ተንሸራተተ።»

«ተይው።»

«አልተወውም። ከኋላቸው ባለው መኪና ውስጥ ነበርን፤ አንተም አይተሃል። ስለዚህ ገመድ አይበቃም። ዙሪያውን ክፈፍ ይኑረው፤ ከላይ ወደ ታች የሚገባ፣ ከገባ በኋላ ግራ ቀኝ የማይል።»

አያቴን አላውቀውም። ከዚያ ንግግር በኋላ ግን በዓይነ ልቡናዬ ፍንትው ብሎ ታየኝ፦ ባርኔጣ ያጠለቀ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ነፋስ እየተቀበለ መጓዝ የሚወድ፣ መታጠፊያ ላይ የወደቀ። እናቴ የአባቷ ልጅ ናትና እሷም እንደሱ ጣሪያ ላይ ሆና መጓዝ አምሯታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ሳገላብጥ ስለ ሐዘን የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ያንን ባርኔጣ ከዓይኔ ያነሣልኝ ግን አላገኘሁም።

«ልጅቷስ?» አለ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጅቷ ውስጥ፣ እኔ ላይ። ይኼ ሁሉ ልፋቴ ለምን መሰለህ? ከእኔ ጋር እንዳትሆን እኮ ነው።»

መቅረጫው ከእጄ ወድቆ ከአልጋው ሥር ገባ። ላወጣው ጎንበስ አልኩና እዚያው ቀረሁ። ከእኔ ጋር እንዳትሆን። ምን እንዳጠፋሁ ማሰብ ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ያፈሰስኩባት መድኃኒት ትዝ አለኝ።

አባቴ የበሩን መቃን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር የሚግባባ ሰው ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«ምን እላለሁ።»

«መቼ ትጀምራለህ?»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«አልቸኮልኩም። እንዲያውም ቃሌን ልስጥህ፤ እሱ ሳያልቅ የትም አልሄድም።»

«በል እንግዲህ አማቼ» አለ አጎቴ እጁን አጨብጭቦ፣ «ብልጥ ከሆንክ አትጨርሰው!»

ሦስቱም ሳቁ፤ አባቴ እንኳ ሳቀ። ከአልጋው ሥር ሆኜ የሚታየኝ የአባቴና የአጎቴ እግር ብቻ ነበር። ሳቁ ካበቃ በኋላ ከአራቱ እግሮች አንዱም ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

ንድፉ በአራተኛው ቀን አለቀ። እናቴ የእርሳሱን ሥራ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ስትገለብጥ የማስመሪያውን ጫፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ይህን ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ስወደው ለጉድ ነው፤ እጄን ከሥሩ ሳደርግ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። እየሠራች ታስተምረኝ ነበር።

«አባትሽ ይህን ሲቀበል መስመሩን አይለካም። ለምን?»

«ወረቀት ስለሚሸበሸብ።»

«ጎበዝ። እርጥበት ሲነካው ይሳባል፣ ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል። ስለዚህ?»

«ቁጥሩን ያነባል።»

«ቁጥሩን ያነባል። መስመር ሊዋሽ ይችላል። ቁጥር ግን ቃል ነው፤ የጻፈው ሰው ይጠየቅበታል።»

የክፈፉ የውስጥ ርዝመት 210 ሳንቲሜትር ነበር። ቁጥሩን ከጻፈችው በኋላ ብዕሯን አንስታ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ወደ ሌላው ማዕዘን ሄደች። ከታች በኩል፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የቱቦዎቹ ጫፍ ሁሉ ይደፈን» ብላ ጻፈች።

«ለምን ይደፈናል?» አልኳት።

«ክፍት ከሆነ ነፋስ ሲገባበት ያፏጫል። ውስጥ ያለ ሰው ይረበሻል።»

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው የዚያችን አንዲት መስመር ያህል አያቃጥሉኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መርፌዋን ተወግታ ተኛች። አባቴ ብረት ሊገዛ ወጥቷል። ሰሌዳውን ከጭኗ ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ አኖርኩት። በትሬሲንግ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር የሚጠፋው በምላጭ ነው፤ ቀለሙ በስሱ ይፋቃል፣ የሻከረው ቦታ በጥፍር ጀርባ ይለሰልሳል፣ ያለዚያ አዲሱ ቀለም ይፈሳል። ይህንንም ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ትንፋሼን ውጬ 210ን ፋቅኩ።

ምን እንደምጽፍ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት አባቴ ከበሩ መቃን ጋር አቁሞ ቁመቴን ለክቶ፣ በእርሳስ መስመር አስምሮ፣ ከጎኑ ቁጥሩን ጽፎልኝ ነበር። በሕይወቴ በቃሌ የያዝኩት የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ነገሩ ለእኔ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፦ ማረፊያው በእኔ ልክ ከተሠራ እናቴ አትበቃበትም። አትበቃበትምና ወይ ትቀራለች፣ ወይ ከእኔ ጋር ውስጥ ትገባለች። የእሷን «1» አስመስዬ፣ ከሥሯ ትንሽ እግር ቀጥዬ፣ 121 ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ሥራ ነበር።

እናቴ ስትነቃ ወረቀቱን ሳታየው ጠቅልላ ለአባቴ ሰጠችው። መድኃኒቱ ዓይኗን እያደበዘዘው መጥቶ ነበር።

በነጋታው ማለዳ አባቴ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በክፍሎቹ መካከል ባለው በር ላይ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። አንድ እጁ ወረቀቱን ይዟል፤ ሌላው እጁ የበሩን መቃን ተደግፏል። ደክሞት መሰለኝ። በቤታችን ደክሞኛል ማለት ያን ሰሞን ተላላፊ ነበርና። ከዚያ ወረቀቱን ጠቀለለ፤ ዞሮ አየኝ። «ጫማሽን አስሪ፣ ትወድቂያለሽ» አለኝና ወደ ግቢው ወጣ።

ስድስት ቀን ሠራ። በሴጌቶ ቱቦውን ሲቆርጥ የብረቱ ደቃቅ እንደ ብር አቧራ ጫማው ላይ ይረግፋል። ሲበይድ «ፊትሽን አዙሪ!» ይለኛል፤ እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ሰማያዊው ብርሃን ጥላዬን ሲያስጨፍረው እመለከታለሁ። እናቴ በትራሶቿ መካከል ሆና ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጥ ነበር። «አሁን እግሮቹን እያያዘ ነው» ትለኛለች። «አሁን ዳዶ እያጠበቀ ነው።» ሁልጊዜም ልክ ነበረች። ድምፅ ስለ ርዝመት ግን አይናገርም።

ባልቴቷ ወደ ግቢያችን የምትገባው ሁልጊዜ በኋላዋ ነበር፤ ሞተሯ እምቢ ካለ ወደ ፊት ገፍቶ ማስወጣት ይቀላልና። ፖርቶመጋላው የተገጠመ ዕለት ግን አባቴ ራሱ መሪ ጨብጦ በፊቷ አስገባት፤ ሁለቱ መብራቶቿ የእናቴን መስኮት ትክ ብለው እንዲያዩ አድርጎ አቆማት። እኔ ባልቴቷ እናቴን ልትጠይቅ የመጣች መሰለኝ፤ አጨበጨብኩ።

አባቴ እናቴን ከወገቧ ደግፎ ቀና አደረጋት።

በእናቴ ሙያ ቋንቋ ይህ የፊት እይታ ይባላል። የአንድን ነገር ስፋትና ከፍታ ያሳያል። ርዝመቱን ለማወቅ የጎን እይታ ያስፈልጋል።

«ፊቱ ያምራል» አለች። «እግሮቹ ቀጥ ብለዋል። ጎኗን አሳየኝ።»

«ባትሪዋ ደክሟል። ነገ አዞርልሻለሁ።»

እናቴ ከመስኮቱ ዓይኗን አንስታ ወደ እሱ አዞረች። ሃያ ዓመት የሌሎችን ስህተት ስታርም የኖረች ሴት ናት።

«ቁጥሩን አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያውስ ጥሩ» አለች፤ እጁንም ያዘችው። «ጥሩ ነው።»

በማግሥቱ «ነገ» አለ። በሦስተኛውም ቀን «ነገ» አለ። አራተኛው ቀን ሲነጋ ጎረቤታችን የሆነችው ልብስ ሰፊ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝና ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «እናትሽ ሄደች፣ የኔ ዓለም፣ ሄደች» አለችኝ። ከእጇ ሾልኬ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ባልቴቷ እንደቆመች ናት። ከላይዋ ያለው ብረት ባዶ ነው። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ዓይን አውጥተው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አልሄደችም። መኪናዋ እዚህ ቆማ እንዴት ትሄዳለች?

አናጢው ሣጥኑን ያመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ጢም ያላቸው አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ባልቴቷ አስጠጉት፤ አጎቴ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጫፉን ተቀበለ።

«ወደ ፊት ግፉት! ትንሽ ወደ ፊት!»

«ደርሷል፤ አልገባም እኮ ነው የሚለው።»

«እንዴት አይገባም? ለሱ አይደል የተሠራው?» አጎቴ ጎንበስ ብሎ ክፈፉን በስንዝር ለካ። አንዴ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አባቴ ተመለከተ። «አማቼ፣ ይኼ ምንድን ነው? ይኼ እኮ የሕፃን አልጋ ነው!»

አባቴ ከመኪናዋ ጎን ቆሟል። «ቁጥሩን ነው ያነበብኩት» አለ።

«የፊቱን ክፈፍ ቁረጠው በቃ! አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«እሱ ከተቆረጠ እግሮቹ አይይዙም።»

«ክፈፉ ላይ አስቀምጠን በገመድ…» ብሎ ጀመረ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። አጎቴ ከጣሪያው ወርዶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «አባባን አይቻለሁ። እህቴን አላይም። ውስጥ አግቡት» አለ።

በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች መካከል፣ ወለሉ ላይ አስገቡት። የኋላው በር አልዘጋ ስላለ በገመድ ታሰረ። ዘመዶች እስከ ተራሮቹ ግርጌ በአውቶቡስ ለመሄድ ቀድመውን ተነሡ። ልብስ ሰፊዋ «ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቅር» ብላ ለምና ነበር፤ እኔ የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ ጮህኩ። እናቴ ውስጥ ናት። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት ልቅር?

ዛሬ ያ ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከአባቴ ቀብር በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከብየዳ ዕቃዎቹ ጀርባ፣ ሁለቱም አፉ በጨርቅ በተወተፈ ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አባቴ አንድን ብረት ቆርጦ ልኬቱን ሲያረጋግጥ ከቁጥሩ አጠገብ በእርሳስ የራይት ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረው፤ በዚያ ወረቀት ላይ ከሃያ ሰባት ቁጥሮች ሃያ ስድስቱ ምልክት አላቸው። ከ121 አጠገብ ምንም የለም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ሳነሣው የፋቅኩት ስፍራ ከሌላው ሳስቶ ብርሃን ያፈሳል። የበሩ መቃንም እንዳለ ነው፤ ቁጥሩ በራሱ እጅ የተጻፈበት መቃን፤ ያን ማለዳ የተደገፈው።

እናቴ እሱ ሳያልቅ የትም አልሄድም ስትል ቃሏን የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አባቴም ከእኔ ባልተሻለ ብልሃት፣ ሲያዩት ያለቀ የሚመስል፣ ነገር ግን ያላለቀ ነገር ሠራ። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው፤ ሆድም ፈጀው።

ዘጠኝ ሰዓት ተጓዝን። አጎቴ ይነዳል። እኔና አባቴ በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ሣጥኑ በጉልበቶቻችን መካከል ነው። ዳገቱ ሲጀምር ከላያችን አንድ ድምፅ ተነሣ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። የባዶው ፖርቶመጋላ ቱቦዎች ጫፋቸው ስላልተደፈነ ያፏጩ ነበር። እስከ መጨረሻው አላቋረጡም።

እግሬ ከተንጠለጠለበት ደነዘዘ። ወለል የሚባል ነገር አልነበረም፤ የማሳርፍበት አጣሁ። አባቴ አየኝ።

«አባዬ፣ እማዬ ላይ አልወጣችም አይደል?»

«አልወጣችም።»

«እኛ ጋ ናት?»

«እኛ ጋ ናት።»

ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታ። ጫማዬን አንድ በአንድ አውልቆ ከጎኑ አስቀመጠ፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮቼን በመዳፉ ይዞ፣ ብረት ሲያስተካክል እንደሚያደርገው በጥንቃቄ፣ በሣጥኑ ክዳን ላይ አኖረልኝ። እንጨቱ በካልሲዬ በኩል ለስላሳ ነበር። አዲስ ሣንቃ ይሸታል።

እስክንደርስ ድረስ እግሬን ከዚያ አላነሣሁም። ደስ ብሎኝ ነበር።